የአኽበረት ራጂዎች

ብስክሌት አልወድም። አስመራ ውስጥ አርባ ዓመት ኖሮ ብስክሌት መንዳት ያልተማረ ከእኔ ሌላ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ። ከባድ መኪና ነጂ የነበረው አባቴ በአሥራ አምስት ዓመቴ ይዞኝ መጣና ገጀረት ለሚኖር ልብስ ሰፊ ወዳጁ ሰጠኝ፤ ሰውየው ሲሞት የስፌት ቤቱ ለእኔ ቀረ። የምሰፋው ደግሞ በአብዛኛው ለብስክሌተኞች ነው። ማልያ አጠብባለሁ፣ ቁምጣ ውስጥ ስፖንጅ እተካለሁ፣ ወድቀው የቀደዱትን እለጥፋለሁ። እንጀራዬን የማገኘው ከማልወደው ነገር መሆኑ ያናድደኛል፣ ግን እንጀራ ነው።

ጎረቤቴ አኽበረት ወልዱ ናት። በሁለታችን ቤት መሃል ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ ራጂ የምንለውን፣ ስትነካ እሰማለሁ፤ አንዱን በጣቷ ትመታና ድምፁን ታዳምጣለች፣ ትንሽ ታጠብቃለች፣ ደግሞ ትመታለች። አኽበረት የብስክሌት ጎማ ትሠራለች። ጎማ ስል ላስቲኩን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ክቡን ቸርኬ፣ መሃሉ ላይ ያለውን ሞዞ፣ ሁለቱን የሚያገናኙትን ቀጫጭን ራጂዎች፣ ሁሉንም ገጣጥማና ወጥራ ቀጥ አድርጋ የምታስረክበውን ማለቴ ነው። ሌላ ሥራ አትነካም። ካቴና የተበጠሰበት ወይም ፍሬን የላላበት ሰው ሲመጣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጥገና ቤት በአገጯ ታሳየዋለች። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ አቦይ ወልዱም እንዲሁ ነበሩ።

አሠራሯ የራሷ ነው። አንድ ብስክሌተኛ ገብቶ ለዳገት የሚሆን ቀላል ጎማ እፈልጋለሁ ካላት፣ መጀመሪያ በሩ አጠገብ ያለው የእህል ሚዛን ላይ ከነጫማው ታቆመዋለች። «ቁርስህን በልተሃል?» ትለዋለች። አልበላሁም ካለ ጥግ ላይ ካለው ፉል ቤት ደርሶ እንዲመለስ ትሰደዋለች፤ በባዶ ሆዱ የተመዘነ ሰው ሆዱን ሞልቶ እንደሚጋልብ ታውቃለች። የሰፈሩ ሴቶችም ጾም ሲገባና ሲፈታ እየመጡ ይህ ሚዛን ላይ ይቆማሉ፣ እሷም ዝም ትላቸዋለች።

ሰውን ግራ የሚያጋባው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። «በየት ነው የምትወርደው?» ትላለች። ሰውየው እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ዳገት ነው ይላታል። መልሷ ያው ነው፤ አስመራ ነው ያለኸው፣ ሽቅብ ከመውጣትህ በፊት ቁልቁል ልትወርድ አይደል ትለዋለች። እውነቷን ነው። የሌላው አገር ሰው ከተራራ ሥር ይኖርና ቀና ብሎ ዳገቱን ያያል። እኛ የምንኖረው አናቱ ላይ ነው፤ ወደ ነፋሲትም ሆነ ወደ ከረን፣ ዳገት ያማረው ሰው መጀመሪያ ፍሬን ይዞ ቁልቁለቱን መጨረስ አለበት። ለዳገት ብቻ ተብሎ የተመረጠ ጎማ ጉዱ የሚወጣው ዳገቱ ሳይጀመር ነው።

ይህን ከጨረሰች በኋላ ወደ ምርጫው ትገባለች። ክብደት የሚቀነስ ከሆነ ከቸርኬው ይቀነስ ትላለች፤ ሞዞው እንደ ሽማግሌ አንድ ቦታ ተቀምጦ ስለሚዞር ጥቂት ቢከብድ አያስቸግርም፣ ጋላቢውን የሚያደክመው ዳር ላይ ሆኖ የሚሮጠው ነው። ራጂው ጫፍና ጫፉ ወፍሮ ወገቡ ቢቀጥን ይመረጣል። የኋላው ጎማ በካቴናው በኩል ስለሚጎተት እዚያ ያሉት ራጂዎች አይቀጥኑም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግድግዳው ስስ ስለሆነ ነው እንጂ ጠይቄ አይደለም።

የራጂው ቁጥር ላይ ሲደርስ ግን ከሠላሳ ሁለት ዝቅ አትልም ነበር። የፈለገውን ያህል ቀጭን ልጅ ይምጣ፣ የፈለገውን ያህል ይለምናት፣ ሠላሳ ሁለት ነው። በዚህ የተነሳ ወጣቶቹ ጎማዋን «የአኽበረት አልጋ» ይሉት ነበር። የአኽበረትን ጎማ የገዛ ሰው ለልጁ ያወርሰዋል፣ ብቻ እሱም ልጁም አንደኛ አይወጡም እያሉ እኔ ቤት ቁጭ ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ምክንያቱን እያወቅኩ መሳቄ ጥሩ አልነበረም።

ምክንያቱ ታናሽ ወንድሟ መሓሪ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ዳገት ላይ እሱን የሚቀድመው አልነበረም። ያን ጊዜ አኽበረት ሠላሳ ዓመቷን ገና ማለፏ ነበር፣ ደፋርም ነበረች። አባቷ እያጉረመረሙ ለመሓሪ ሃያ ስምንት ራጂ ብቻ ያለው የኋላ ጎማ ሠራችለት። በውድድሩ ቀን፣ ገና ቁልቁል ሲወርዱ፣ ወደ ነፋሲት መንገድ ላይ ያለችውን አርባሮባን አለፍ እንዳሉ ያለው መታጠፊያ ላይ ጎማው ተጣጠፈ። መሓሪ ዳሌው ተሰበረ። ለሕክምና ጀርመን ሄዶ ካስል በሚባል ከተማ ቀረ፤ ዛሬም ያነክሳል። አኽበረትን ማንም ምንም አላላትም። እሷ ግን ተጨማዶ የመጣውን ጎማ ሁለተኛ ሳታየው መደበር ገበያ ላሉት ብረት ቀጥቃጮች አስላከችው፣ ከዚያን ቀን ወዲህም ሠላሳ ሁለት ሆነ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የተፈጠረው በልጇ በሰገን ምክንያት ነው። ሰገን ለእናቷ አንድ ናት፤ አባቷ ምጽዋ ወደብ ላይ ስለሚሠራ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ሃያ ዓመቷ ነበር፣ ቁርሷን በልታ አምሳ ሁለት ኪሎ ትመዝናለች። ባለፈው ዓመት ለብሔራዊ ቡድን አራት ሴቶች ሲመረጡ እሷ አምስተኛ ወጣች፤ ከአራተኛዋ የለያት አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። የጋለበችው በእናቷ አልጋ ነበር። በዚህኛው ዓመት ካልተመረጠች ብስክሌቱን ትታ መምህራን ማሠልጠኛ እንደምትገባ ከአባቷ ጋር ተስማምታለች። የምርጫው ውድድር ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ነው፤ ከአስመራ ዳር ካለው ቤት ጊዮርጊስ ተነስተው ነፋሲት ይወርዳሉ፣ እዚያው ዞረው ሽቅብ ይመለሳሉ።

በታኅሣሥ አጋማሽ መሓሪ በሰው እጅ ትልቅ ካርቶን ላከ። ውስጡ ጥንድ የካርቦን ጎማ ነበር፣ ጥቁር፣ በጣት ሲመቱት እንደ ባዶ ሣጥን የሚጮህ። አኽበረት ትንሿን ሚዛን አምጥታ መዘነችው። ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ግራም ሆኑ። የእሷ ጥንድ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና ነበር። ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ሰገን ጎማዎቹን አቅፋ ብዙ ቆየች፤ አሥራ አንዱን ሰከንድ እያሰበች እንደነበር ልምል እችላለሁ።

አኽበረት ግን ቸርኬውን በአውራ ጣቷ እየተጫነች ዙሪያውን መረመረችው። ይህ የብረት ዘር አይደለም፣ ፍሬን ሲያዝበት ሙቀቱን የሚያስወጣበት የለውም፣ ሲሞቅ ደግሞ ይለሰልሳል አለች። ሰገን ዓለም ሁሉ በዚህ እንደሚጋልብ ነገረቻት።

«ዓለም የሚኖረው ታች ነው» አለች አኽበረት። «አንቺ ላይ ነሽ።»

አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ አኽበረት እኔ ራሴ ሳልፈትነው አትወርጅበትም ብላ ቆረጠች። ልጅቷም እሺ አለች፤ እናቷ የምትፈትነው እዚያው ጎማ የምታቃናበት ብረት ላይ መስሏት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አኽበረት የካርቦኑን ጎማ ለራሷ ብስክሌት ገጥማ የቤቴ በር ላይ ቆመች። አምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከቀሚሷ ሥር የባሏን ሱሪ አጥልቃለች። በአውቶቡስ ቀድሜ ነፋሲት እንድጠብቃት አዘዘችኝ፣ ከዘገየሁ ሽቅብ እየፈለግከኝ ና አለችኝ። ይህች ሴትዮ ለየላት ብዬ እያጉረመረምኩ ሄድኩ።

ነፋሲት ሻይ ቤት በር ላይ ሆኜ አንድ ሻይ ጠጣሁ፣ ሁለተኛ ጠጣሁ፣ ሦስተኛው ሲመጣ ሳልነካው ሒሳብ ከፈልኩ። ልነሳ ስል ብስክሌቷን እየገፋች በእግሯ ብቅ አለች። አልወደቀችም። የኋላው ቸርኬ ጠርዝ ግን እንደታመመ ድድ አብጧል፣ የውስጡ ጎማም ፈንድቷል። ደክሟታል፣ ፊቷ ግን በርቷል። «አላልኳችሁም?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁባት። ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ድል እንዳደረገ ሰው እየተሳሳቅን ተመለስን።

ሰገን ከልምምድ ስትመለስ ቸርኬውን አየችው። አልጮኸችም። ያበጠውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችና ጠየቀች።

«ፍሬኑን ስንት ጊዜ ያዝሽው?»

«ከአርባሮባ ጀምሮ አልለቀቅኩትም።»

«እስከ የት?»

«እስኪፈነዳ።»

ሰገን የእናቷን ፊት አየች። «ማማ፣ እኔ እንደዚያ አልወርድም። ማንም እንደዚያ አይወርድም። መታጠፊያው ጋ ልደርስ ስል እይዛለሁ፣ ወዲያው እለቃለሁ፤ እስከሚቀጥለው ድረስ ቸርኬው ይቀዘቅዛል። አንቺ ደግሞ ሰባ አንድ ኪሎ ነሽ። የፈተንሽው ጎማውን አይደለም፣ ፍርሃትሽን ነው።»

አኽበረት ጎማውን ከብስክሌቷ ትፈታ ጀመር።

«ስወርድ አንድ ቀን አይተሽኝ ታውቂያለሽ?» አለቻት ሰገን።

አታውቅም። እዚህ አገር የብስክሌተኛ ቤተሰብ የሚጠብቀው መድረሻው ላይ ነው፤ ውሃና ፎጣ ይዞ ይቆምና ዳገቱን ጨርሶ የመጣውን ይቀበላል። ሲወርድ የሚያየው የለም። አኽበረት ሃያ ዓመት ሙሉ የመጣውን ሁሉ በየት ነው የምትወርደው እያለች ስትጠይቅ የገዛ ልጇን አወራረድ አላየችም። ሰገን እንባዋን በማልያዋ እጅጌ ጠርጋ ወጣች። እኔም አውቶቡሱ ላይ የሳቅኩት ሳቅ አሳፈረኝ።

ጎማው መቃጠሉን ለመሓሪ መንገር ነበረባት። በማግስቱ እኔ ቤት መጥታ ደውልልኝ አለችኝ። እጇ ግራሶ ስለነበር ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጥኩላት። ያደረገችውን ስትነግረው መሓሪ መጀመሪያ ሳቀ። ታዲያ ልጅቷ በምን ልትወርድ ነው ብሎ ጠየቃት። በሠላሳ ሁለቱ አለችው። ሳቁ ቆመ።

«አኽበረት፣ ያን ጊዜ ለእኔ የሠራሽልኝ ስንት ነበር?»

«ሃያ ስምንት። ዛሬ ምን አስታወሰህ?»

«የወረድኩት በሃያ ስምንት አይደለም።»

መርፌው እጄ ላይ ቀረ። መሓሪ ቀስ እያለ ተናገረ። በውድድሩ ዋዜማ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አራት ራጂ አወጣ፣ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ የቀሩትን ደግሞ እሱ እንደመሰለው አጠበቀ። ያን ጊዜ ዳገት የሚወጡት ልጆች ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ጎማውን ለሠራው ሰው ሳይነግሩ ራጂ ያወጡና፣ ያወጡትን ኪሳቸው ከትተው መነሻው ላይ እየተያዩ ይፎካከሩበታል። ሐኪም ቤት ማልያውን ሲቀዱለት አራቱ ራጂ ኪሱ ውስጥ ነበሩ። እስካሁን አሉኝ አላት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መጀመሪያ አባባን ፈራሁ። በኋላ ደግሞ አንቺ ሠላሳ ሁለት መሥራት ጀመርሽ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

አኽበረት ደህና ዋል ሳትለው ስልኩን በክርኗ ወደ እኔ ገፍታ ወጣች። መሓሪ ሃሎ፣ ሃሎ ሲል እኔ ዘጋሁት።

ሃያ ዓመት የተሸከመችው ነገር ከላይዋ ሲነሳ የሚቀልላት መስሎኝ ነበር። ተናደደች እንጂ አልቀለላትም። በፍርሃቷ ምክንያት ስንቱን ልጅ ከባድ ጎማ አስይዛ ዳገት እንደላከች ቁጭ ብላ ቆጠረችልኝ፤ መጨረሻ ላይ የቆጠረችው የሰገንን አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። እኔም መሓሪን ቸር ሰው እለው ስለነበር በጣም ተናደድኩበት። እሱ አራት ጊዜ መልሶ ደወለ። እኔ ግድግዳውን ስመታ እሷ «የለችም በለው» ብላ መልሳ ትመታለች። በእነዚያ ቀናት የራጂ ድምፅ አልሰማሁም።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አርብ ዕለት፣ አብሬያት ወደ አርባሮባ እንድወርድ ጠየቀችኝ። ከአውቶቡስ የወረድነው መሓሪ የወደቀበት መታጠፊያ ጋ ነው፤ ሁለታችንም አውቀናል፣ አላነሳነውም። በጥር ወር ከባሕር በኩል የሚወጣው ጉም መንገዱን ሸፍኖታል፣ አስፋልቱ ርሷል። ልጆቹ ልምምድ ላይ ነበሩ። ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ፤ አንዳንዱ ፍሬኑ ከሩቅ ጀምሮ እየጮኸ ይመጣል። ሰገን ስትመጣ ግን አንድ አጭር ድምፅ ብቻ ሰማን። ከጉሙ ወጣች፣ ወደ ውስጥ ጋደል አለች፣ አለፈች። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። አኽበረት እጄን ይዛ ስለነበር ጥፍሯ ገብቶብኛል።

«ደግማ ትምጣ» አለች።

ልጅቷ ሽቅብ ስትመለስ እናቷን አየቻት። አልቆመችም፣ ሰላምም አላለችም። ላይ ደርሳ ግን ዞራ እንደገና ወረደች፣ ከዚያም ሦስተኛ። በሦስተኛው አኽበረት እጄን ለቀቀች።

በመልሱ አውቶቡስ የስፌት ጠመኔዬን ተቀብላኝ የቦርሳዬ ጀርባ ላይ ጻፈች፤ ፊት ሃያ፣ ኋላ ሃያ አራት።

«ሃያ አራት?» አልኳት። «መሓሪ የወደቀበት አይደለም እንዴ?»

«መሓሪ የወደቀው ሃያ ስምንት ሆኖ በተሠራ ሃያ አራት ነው» አለችኝ። «ይሄ ሲፈጠር ጀምሮ ሃያ አራት ነው የሚሆነው።»

የሚቀጥሉትን አምስት ቀናት ግድግዳውን ተደግፌ ነው የሰፋሁት። ሳይቃጠል የተረፈውን የፊቱን ካርቦንም ተወችው፤ ለሰገን አይቃጠልባትም፣ ግን በርጥብ መንገድ ፍሬን ዘግይቶ ነው የሚይዝበት፣ ውድድሩ ደግሞ በጉም ነው። ስለዚህ ቸርኬው አልሙኒየም ሆነ። ሁለት ዓይነት ነበራት፣ አንደኛው ከሌላው በስድሳ ግራም ይቀላል። ቀላሉን ታነሳለች ብዬ ስጠብቅ ከበድ ያለውን አነሳች። ራጂ ሲያንስ እያንዳንዱ የሚጎትተው ይበዛል፣ ቀጭን ቸርኬ ቀዳዳው ላይ ይሰነጠቃል አለችኝ። ስድሳዋን ግራም ከራጂው መልሳ አገኘቻት፤ ከፊት ሁሉንም፣ ከኋላ ደግሞ ከካቴናው በተቃራኒ ያሉትን ወገባቸው ከሁሉም የቀጠነውን አደረገች። በካቴናው በኩል ያሉት ወፍራም ሆኑ፣ ቸርኬው ላይ የሚያስሯቸው ብሎኖችም ናስ ሆኑ። ከዚያ መታች፣ አዳመጠች፣ አጠበቀች። አንድ ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ግራም መጣ።

ሰገን ስታያቸው መጀመሪያ ያደረገችው የኋላውን ራጂ መቁጠር ነው። ቆጥራ ስትጨርስ እንደገና ቆጠረች።

«ሃያ አራት ነው?»

«ስትወርጂ አይቻለሁ» አለቻት እናቷ።

ሰገን እናቷን ትከሻዋ ላይ ሳመቻት፣ ጎማዎቹን ይዛ ወጣች።

እሑድ ጠዋት ቤት ጊዮርጊስ በጉም ተሞልቶ ነበር። ሃያ ሁለት ሴቶች መነሻው ላይ ተሰልፈዋል። አስነሺው ፊሽካውን አፉ ላይ ሊያደርግ ሲል አኽበረት ገመዱን አልፋ ገባችና ልጇ ብስክሌት አጠገብ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች። በጣቷ እየነካች መቁጠር ጀመረች። ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዷ «አደይ አኽበረት፣ ጸጉሯንም ቁጠሪላት» አለች። ሰገን ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች፣ ብስክሌቱን ግን ሳታነቃንቅ ይዛላት ነበር። ፊት ሃያ። ኋላ ሃያ አራት። አኽበረት ተነስታ ጉልበቷን አራገፈችና ለአስነሺው በአገጯ ፈቀደችለት።

ወረዱ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። አኽበረት ፎጣውን እጇ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። እኔ በአምላክ የማላምነው ሰውዬ ሁለት ጊዜ አማተብኩ። ከነፋሲት በሬዲዮ የሚያወራው ሰው ዜናውን ያመጣው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ መዞሪያው ላይ አንደኛ ሰገን ናት፣ ሁለተኛዋ በአርባ ስምንት ሰከንድ ትከተላለች። ካርቦን የገጠሙት ጉሙ ውስጥ ፍሬናቸው አልያዝ ብሏቸው ቀስ ብለው ነው የወረዱት አለ። ሰው ሁሉ አንደኛ የሚለውን ይዞ ጮኸ።

«ወርዳለች» አለች አኽበረት። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለእሷ ውድድሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር።

ዳገቱ ላይ ሁለት ሴቶች ደረሱባት፣ አለፏትም። ሰገን ሦስተኛ ሆና ገባች፤ አምስተኛዋ ከእሷ አንድ ደቂቃ ያህል ዘግይታለች። ከአራቱ ተመራጮች መካከል ስሟ ሲጠራ ከብስክሌቷ ሳትወርድ እናቷ ላይ ተደገፈችና ሁለቱም ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ማልያዋን ያጠበብኩት እኔ ነኝ ብዬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስናገር ነበር።

ሰኞ ጠዋት አኽበረት እጇን በሳሙና ታጥባ መጣች። ደውልልኝ አለች። ስልኩን ልሰጣት ስል እዚያው የስፌት መኪናው ላይ አስቀምጠው አለችኝ። ስልኩ ገና አንዴ እንደጠራ መሓሪ አነሳው።

«ሦስተኛ ወጣች» አለችው።

«ሰምቻለሁ። አባቷ ደውሎልኛል።»

«ሃያና ሃያ አራት ነበር። ከመውረዷ በፊት ቆጥሬያለሁ።»

ወጥቼ ልተዋቸው አሰብኩ፣ ግን በሩ በእሷ በኩል ስለነበር ተቀምጬ ቀረሁ።

«አሁን ስንት ኪሎ ነህ?» አለችው።

«ምን?»

«ስንት ኪሎ ነህ ነው ያልኩህ።»

«ሰማንያ ስድስት።»

«ቁርስህን በልተህ?»

ይህን ጥያቄ ከሰማ ሃያ ዓመት ሆኖታል። በልቻለሁ አላት። ዳሌው እንደ ድሮው እንዳልሆነ፣ ብስክሌት ላይ ከወጣ እንደቆየ ሊነግራት ጀመረ፣ አላስጨረሰችውም።

«በየት ነው የምትወርደው?»

ካስል ውስጥ ምን ዓይነት መንገድ እንዳለ አላውቅም።

«በአርባሮባ» አላት።

«እንግዲያው ሠላሳ ስድስት እሠራልሃለሁ» አለች አኽበረት። «ስትመጣ አራቱን ራጂ ይዘህልኝ ና።»